አንድ መግቢያ፣ የራስ ዳታ፦ ደሴ ላይ የምንሰራው የመንዙማ ኔትወርክ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

ስራው ይሄ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ጓደኛሞች መንዙማ እንቀዳለን፣ ከሽማግሌ፣ ከጀማው፣ መውሊድ ላይ፣ አንዳንዴም ሀድራ ማለትም ዱአና መንዙማ የሚባልበት ስብስብ ላይ ቁጭ ብለን፣ ከዛ ግጥሙን በፊደል እንገለብጣለን። ወሎ ውስጥ የቆየው የአማርኛ መንዙማ ብዙው በአጀሚ ማለትም አማርኛው በአረብኛ ፊደል ተጽፎ ነው ያለው፣ ያሁኑ ልጅ ደግሞ አያነበውም። ቅጂው የት ነው ያለው ካላችሁ ጥቂቱ ስልክ ላይ፣ ጥቂቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ ብዙው ግን አንድ ማህበራዊ ገጽ ላይ ነበር። አካውንቱ የተከፈተው በአንድ ልጅ ስልክ ቁጥር ነው፣ ሲሙ ጠፋ፣ ቁጥሩ ቆይቶ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ በቃ እዛ ላይ አለቀ። መግባት የለም፣ አቤት የሚባልበት ሰውም የለም። እዛ ውስጥ ድምፃቸው ካለ ሰዎች መሀል ዛሬ በህይወት የሌሉ አሉ፣ ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚ የምንፈልገው ሶስት ነገር ያለው የራሳችን ትንሽ ኔትወርክ ነው፣ አጭር ጽሁፍ መለጠፊያ፣ የድምፅ ማስቀመጫ፣ እና ግጥሙ ላይ የምንከራከርበት መወያያ። ለሶስቱም መግቢያው አንድ ይሁን፣ ሰው ሶስት ፓስወርድ አይሸከምም። ዳታው ደግሞ የሰውየው ይሁን፣ እኛን ሲጠላን ወይ እኛ ስንጠፋ ይዞት መሄድ ይችል።

ጥቅምት መጀመሪያ

ማሽኑ ተቀመጠ። ፒያሳ አካባቢ ጓደኛዬ ሱቅ ጓዳ ውስጥ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፣ 8 ጊጋ ራም አለው፣ ዴቢያን ሊኑክስ ጭነንበታል፣ ሃርድ ዲስኩ ሁለት ነው አንዱ የአንዱ ኮፒ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ በስርዓት እስኪዘጋ ያቆየዋል።

የኛ ኮኔክሽን ከውጭ ሊጠራ የሚችል የራሱ አይፒ የለውም፣ ስለዚ ውጭ ሀገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይተን ዋየርጋርድ በሚባል የተመሰጠረ መስመር አገናኘነው፣ መስመሩ እንዳይዘጋ የደሴው ማሽን በየ25 ሰከንዱ ትንሽ ፓኬት ይልካል። ውጪ ያለው ማሽን የመጣውን እንዳለ ወደ ደሴ ማስተላለፍ ብቻ ነው ስራው፣ ሰርተፍኬቱ ያለውም ምስጠራው የሚፈታውም ደሴ ላይ ካዲ የሚባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ጋ ነው። ውጪ ያለውን ማሽን ማንም ቢከፍተው የሚያገኘው ነገር እንዳይኖር ነው እንዲህ ያደረግነው።

ሌላው ነገር፣ በ2015 ነሐሴ ክልሉ ላይ ሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። ያንን ያየ ሰው መግቢያውን ባህር ማዶ ያለ ቁልፍ ላይ አይሰቅልም። ሱቁ ውስጥ ዋይፋይ አለ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ሰው እዛ መጥቶ መግባት፣ መስማት፣ የቀዳውን ማስቀመጥ መቻል አለበት። "በጉግል ግባ" የሚለው ቁልፍ እዚህ ጋ ነው የወደቀው፣ ሌላ ምክንያት ሳንጨምር።

ጥቅምት አጋማሽ

የመጀመሪያው ሙከራ የተለመደው መንገድ ነበር፣ የራሳችንን የመግቢያ ሰርቨር መትከል። ኪክሎክ የሚባለውን ሶፍትዌር ሞከርነው፣ ጃቫ ስለሆነ ሜሞሪ ይፈልጋል ግን ይሰራል፣ ሶስቱም አገልግሎት በአንድ ፓስወርድ ተከፈተ። ልጆቹ ደስ አላቸው፣ አለቀ አሉ።

እኔ ግን ውስጡን ሳየው አላለቀም። ኪክሎክ የሚሰራበት ኦፕንአይዲ ኮኔክት ማለት በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ኦውዝ 2.0 የሚባለው የፈቃድ መስጫ ስታንዳርድ ላይ የተሰራ ስርዓት ነው፣ መወያያው ወደ መግቢያው ሰርቨር ይልክሃል፣ ፓስወርድህን እዛ ታስገባለህ፣ ቶከን የሚባል የተፈረመ ዲጂታል ማለፊያ ይዘህ ትመለሳለህ። ቶከኑ ውስጥ ዋናው ነገር ሁለት ነው፣ ማን እንደሰጠውና ሰጪው ላንተ ያወጣልህ መለያ። ስታንዳርዱ ራሱ በግልጽ ይናገራል፣ አንድን ሰው በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለየው የነዚህ የሁለቱ ጥምር ብቻ ነው፣ ኢሜይልም ስልክ ቁጥርም አይደለም። እንግዲህ ይሄ ማለት ስምህ የሚኖረው ሰጪው እስካለ ድረስ ነው። እኛ ብንዘጋ ወይ ማሽኑ ቢቃጠል የሁሉም ሰው ስም አብሮ ይሞታል። ዳታህን ፍላሽ ላይ ይዘህ ብትወጣ እንኳ ሌላ ቦታ ሄደህ "ያ እኔ ነኝ" ብለህ የምታረጋግጥበት ነገር የለህም። ኪራይ ቤት ውስጥ ያለውን እቃ ያንተ ነው ብሎ የበሩን ቁልፍ አከራዩ ጋ እንደማስቀረት ነው፣ አከራዩ ደግሞ አሁን እኛ ሆንን እንጂ ነገሩ ያው ነው።

የሚገርመው ይሄ ሀሳብ መጀመሪያ ሲነሳ ትክክል ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ብራድ ፊትዝፓትሪክ ላይቭጆርናል የሚባለው የብሎግ ገጽ ላይ እያለ የመጀመሪያውን ኦፕንአይዲ ሲያወጣ የሰው መታወቂያ የራሱ ድረ ገጽ አድራሻ ነበር። አድራሻህን ትጽፋለህ፣ ገጹ ውስጥ "እኔን የሚያስገባኝ እገሌ ነው" የሚል መስመር አለ፣ እገሌ ካልተመቸህ መስመሩን ትቀይራለህ ስምህ ግን ይቀጥላል። ተራው ሰው ግን የገጽ አድራሻ እንደ ስም መጻፍ አልለመደውም፣ የትልልቆቹ ካምፓኒዎች ቁልፍ ደግሞ አንድ ንክኪ ነው፣ እሱ አሸነፈ። ያ የድሮ ሀሳብ ዛሬም ኢንዲአውዝ በሚባለው፣ በራስ ድረ ገጽ አድራሻ መግቢያ ስርዓት ውስጥ አለ፣ ይሄንን ስራ ስሰራ ደጋግሜ እየተመለስኩ ያየሁት እሱን ነው።

ስለዚ ከዚህ በኋላ መመዘኛዬ አንድ ሆነ፣ ስሙ ከሚያስገባው ሰርቨር በላይ መኖር አለበት። ይሄንን የማያሟላ ነገር ምንም ያህል ቢያምር አልወስደውም።

ጥቅምት መጨረሻ

ማስቶዶን የሚባለውን ማህበራዊ ኔትወርክና እሱ የሚሰራበትን የሰርቨሮች መነጋገሪያ፣ አክቲቪቲፐብን አየን። አክቲቪቲፐብ በ2018 እ.ኤ.አ. ጥር ላይ ነው የዌብ ስታንዳርድ አውጪው የደብሊውስሪሲ ስታንዳርድ የሆነው፣ እና እውነት ለመናገር እወደዋለሁ፣ ሰርቨሮች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ማየት ደስ ይላል። ጎቱሶሻል የሚባለውን የአክቲቪቲፐብ ሰርቨር ጭነን አየነው፣ ቀላል ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይንቀሳቀሳል፣ በኦፕንአይዲ ኮኔክትም ያስገባል። ግን የሰውየው መታወቂያ የሰርቨሩ አድራሻ ስር ያለ ገጽ ነው። ከሰርቨር ሰርቨር ስትዛወር ተከታዮችህ ይከተሉሃል፣ የጻፍከው ግን አይከተልህም፣ እሱም የድሮው ሰርቨር ቆሞ "ሄዷል" ብሎ ካስተላለፈልህ ነው። የድሮው ሰርቨር ባንዴ ከጠፋ ማን ያስተላልፍልሃል። የኛ ፍርሃት ደግሞ በትክክል ይሄ ነው፣ ስለዚ ተውነው።

ኅዳር መጀመሪያ

ሶሊድ ላይ ገባን። የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ ኤምአይቲ ላይ ሆኖ ያስጀመረው ነው፣ ሀሳቡም ዳታህ ፖድ የሚባል ያንተ ማስቀመጫ ውስጥ ይቀመጣል፣ አፕሊኬሽኑ እየመጣ ፈቃድ እየጠየቀ ያነባል ይጽፋል እንጂ የራሱ ግምጃ ቤት የለውም። ኮሚዩኒቲ ሶሊድ ሰርቨርን ነው የጫንነው፣ ኖድ በሚባለው የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ላይ የሚሰራ ነው፣ ሁሉንም ነገር እንደ ተራ ፋይል ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ ይሄ ለባክአፕ በጣም ተመቸኝ፣ የድምፅ ፋይሉን ሄደህ በእጅህ ኮፒ ማድረግ ትችላለህ።

መግቢያው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ቁም ነገሩ እዚህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ዌብአይዲ የሚባል አድራሻ አለው፣ አድራሻው ሲከፈት አጭር ፕሮፋይል ነው፣ ፕሮፋይሉ ላይ "እኔን እንዲያስገባ የፈቀድኩለት ይሄ ሰርቨር ነው" የሚል መስመር አለ። ቶከን ይዞ የመጣን ሰው መወያያችን እንዲሁ አያምነውም፣ ቶከኑ ላይ ወዳለው ዌብአይዲ ሄዶ ፕሮፋይሉን ይከፍትና ቶከኑን የሰጠው ሰርቨር እዛ ተጠቅሷል ወይ ብሎ ያያል፣ ካልተጠቀሰ ይመልሰዋል። ማንም ከመሬት ተነስቶ የራሱን የመግቢያ ሰርቨር አቁሞ በሸህ እገሌ ስም ቶከን ቢያወጣ አይሰራም፣ ሸሁ ራሳቸው ደግሞ ነገ ሌላ ሰርቨር ቢመርጡ መስመሩን ይቀይራሉ ስማቸው ግን ያው ነው። የ2005ቱ ሀሳብ በተሻለ ምስጠራ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ፈቃዱ አራት አይነት ነው፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መጨመር፣ መቆጣጠር። "መጨመር" የሚለውን ሳገኝ ብቻዬን ሳቅ ሳቅ አለኝ በደስታ፣ እኛ የምንፈልገው ይሄንኑ ነበራ። ቀጂው ልጅ በባለ መንዙማው ፖድ ውስጥ አዲስ ቅጂ መጨመር ይችላል፣ ያለውን ግን መሰረዝም መለወጥም አይችልም፣ ቁጥጥሩ ባለድምፁ ጋ ይቀራል።

ከዚህ በፊት ብዙ ያከራከረን ጥያቄ ነበር፣ የተጠቃሚው ዳታ ስንል የየትኛው ተጠቃሚ? የቀዳው ልጅ ነው ወይስ ያዜሙት ሰው? ሁሉም አፕ ላይ ዳታው የጫነው ሰው ነው የሚሆነው። ይሄ ለኛ ትክክል አይደለም። ድምፁ የሳቸው ነው፣ ፖዱም የሳቸው ይሆናል፣ እኛ እዛ የገባነው ተፈቅዶልን ነው። ሀገራችን ላይም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ሰው ስለራሱ የተያዘውን ነገር የማየትና የማሳረም መብት እንዳለው በህግ ከተጻፈ በኋላ ትንሽ ነን ብሎ መዝለል አያዋጣም።

ኅዳር አጋማሽ

ለሁለት ቀን ያህል ሁሉም ሰው መግባት አቃተው። ፓስወርዱ ትክክል፣ ፕሮፋይሉ ትክክል፣ ግን ሰርቨሩ ቶከኑን ይጥለዋል። ነገሩ የሰዓት ሆኖ ተገኘ። ሶሊድ ዲፖፕ የሚባል ነገር ይጠቀማል፣ ቶከኑ ከያዘው ሰው ቁልፍ ጋር ይታሰራል፣ በየጥያቄው "አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ እኔው ነኝ" የሚል አዲስ ፊርማ ይላካል፣ ቶከኑ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ቁልፉ ስለሌለው አይጠቅመውም። ጥሩ ነገር ነው። ግን ፊርማው ላይ ሰዓት አለ፣ ማሽናችን ደግሞ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ አርጅቶ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ ኋላ እየሄደ ነው፣ ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ሲነሳ ደግሞ የሚያስተካክለው የለም። ባትሪውን ቀየርን፣ አነስተኛ ጂፒኤስ መቀበያ ገጠምንለት ኔትወርክ ባይኖርም ሰዓቱን ከሳተላይት እንዲይዝ። ከመብራት ጋር የሚታገል ቦታ ላይ እንዲህ አይነት ስርዓት የሚተክል ሰው መጀመሪያ ሰዓቱን ያስብ።

እግረ መንገዴን የፈቃድ ማሳያ ገጹን ሰዓት ወደኛ አቆጣጠር ቀየርኩት። "ይህ ፈቃድ እስከ 4፡00 ይሠራል" የሚለውን አንድ እናት በኛ 4 ሰዓት መስሏቸው ሲጠብቁ ነበር። ብሮውዘሩ የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ በራሱ ያውቃል፣ ሰዓቱን ግን ስድስት ቀንሶ ማሳየት የኛ ስራ ነው።

ኅዳር መጨረሻ

ከሐይቅ ወዲህ ያሉ አንድ ሸህ ቤት ሄድን፣ ቡና ተፈልቶ ዱአ ከተደረገ በኋላ ላፕቶፑን ከፈትን። ቅጂያቸውን አንድ በአንድ አሰማናቸው፣ ለያንዳንዱ ማን ይስማው ብለን ጠየቅን። "ይሄኛው ለሁሉም ይሁን፣ ያኛው ግን ለጀማው ነው" አሉ፣ "ሀድራ ላይ የተባለ ሁሉ ገበያ አይወጣም ልጄ።"

ይሄ አነጋገራቸው ቀጥታ ቴክኒኩን ወሰነልን። የሁሉም የሚሆነውን በኤቲ ፕሮቶኮል፣ ብሉስካይ የሚባለው ማህበራዊ ኔትወርክ የሚሰራበት ማለት ነው፣ ለማውጣት አስበን ነበር፣ እሱ ላይ ሰው የራሱ ማከማቻ ሰርቨር ውስጥ ያስቀመጠው ጽሁፍ ሁሉ ለማንም የሚነበብ ነው፣ እንደ ሶሊድ "ለእገሌና ለእገሌ ብቻ" የሚል በር አልተሰራለትም። ስለዚ ተከፈለ። የጀማው ቅጂ ሶሊድ ፖድ ውስጥ፣ ለሁሉም የተፈቀደውና አጭር ጽሁፉ ኤቲ ፕሮቶኮል ላይ። አንዴ የወጣ ነገር ደግሞ ሰርዙ ብንል እንኳ ሌሎች ሰርቨሮች ኮፒ ይዘው ሊቀሩ እንደሚችሉ ሳንደብቅ ነገርናቸው። ይሄን ሳይነግሩ ፈቃድ መቀበል ትክክል አይመስለኝም። እሳቸውም ሰምተው ለሁሉም ይሁን ካሉት ውስጥ አንዱን መለሱት።

ታኅሣሥ

አሁን የስም ጉዳይ። ዌብአይዲ ጥሩ ነው ብያለሁ ግን አድራሻ ነው፣ አድራሻ ደግሞ ዶሜይን ነው፣ ዶሜይን በየአመቱ ይከፈልበታል። እያንዳንዱ ሽማግሌ የራሱን ዶሜይን ግዛ አይባልም፣ በኛ ዶሜይን ስር ብንሰጣቸው ደግሞ ስሙ ተመልሶ የኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ኤቲ ፕሮቶኮል የሚጠቀምበት ዲአይዲ ረዳን። ዲአይዲ ማለት በምስጠራ ቁልፍ የሚመራ ቋሚ መለያ ነው፣ የደብሊውስሪሲ ስታንዳርድ የሆነው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ፒኤልሲ የሚባለው አይነቱ ላይ ሰው የሚያየው ስም ሊቀየር ይችላል፣ ዳታው ያለበት ሰርቨር ሊቀየር ይችላል፣ መለያው ግን አይቀየርም። እና የእያንዳንዱ ለውጥ መዝገብ የተፈረመና ለሁሉም ክፍት ነው። መዝገቡን የሚይዘው ማዕከል ዛሬ አንድ ቦታ መሆኑ አይመቸኝም፣ ግን ኮፒውን ማንም መያዝና ፊርማውን ማረጋገጥ ስለሚችል ከፓስወርድ ሰርቨር በብዙ ይሻላል፣ የኛም ማሽን የኛን ሰዎች መዝገብ ኮፒ ይዞ ነው የሚኖረው፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ከሱ ያነባል።

መወያያው ላይ የሰው መለያ አሁን ዲአይዲው ነው፣ ስልክ የለም ኢሜይል የለም። ዌብአይዲው ዲአይዲው መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ፕሮፋይሉም መልሶ ዲአይዲውን ይጠቅሳል፣ ሁለቱ ካልተጠቃቀሱ አናስገባም። ፋይዳን ለምን አትጠቀሙም ያለኝ ወንድም አለ፣ ፋይዳ በህግ ማን እንደሆንክ ማስረጃ ነው፣ እኛ ግን ግጥም ለሚያርም ልጅ ህጋዊ ስሙን ማወቅ አያስፈልገንም፣ በብዕር ስም የሚጽፉም አሉን።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ ግን የመመለሻ ቁልፉ ነው። ፒኤልሲ ላይ ከአንድ በላይ ቁልፍ በደረጃ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ዝቅ ያለው ቁልፍ ያደረገውን ለውጥ ከፍ ያለው ቁልፍ በ72 ሰዓት ውስጥ መሻር ይችላል። የኛን ሰርቨር ቁልፍ ሁለተኛ አደረግነው፣ የመጀመሪያው ቁልፍ በወረቀት ታትሞ ለባለቤቱ ይሰጣል። እኛ ራሳችን ስሙን ብንወስድባቸው እንኳ ሊያስመልሱ ይችላሉ ማለት ነው።

ወረቀቱን ይዘን ተመልሰን ሸሁ ጋ ሄድን።

"ይሄ ወረቀት ቢጠፋስ?"

"ሁለት ነው ሸህዬ፣ አንዱ አንቱ ጋ ይቀመጣል፣ አንዱ ደግሞ አንቱ የሚያምኑት ሰው ጋ።"

"ኪታቦቼን የምትይዝልኝ ልጄ ናት፣ እሷ ጋ ይሁን። አብሽር፣ ከሷ እጅ አይጠፋም።"

ልጅየዋ ኮምቦልቻ ናት የምትሰራው፣ ስማርት ስልክ አላት። እሷ መሆኗ ጥሩ ሆነ ምክንያቱም 72 ሰዓት ማለት ሶስት ቀን ነው፣ ከተማ ላለ ሰው ብዙ ነው፣ ገጠር ላለ፣ ዳታ ለሌለው፣ መኪና በገበያ ቀን ብቻ ለሚያገኝ ሰው ግን እንኳን ለመሻር ለመስማትም አይበቃም። ፕሮቶኮሉን የሰሩት ሰዎች ይሄን ያሰቡ አይመስለኝም። ስለዚ ማሽናችን በየሰዓቱ መዝገቡን እያየ ለውጥ ካየ ለቁልፍ ያዡ ተራ የጽሁፍ መልእክት እንዲልክ አደረግን፣ ሲም የሚይዝ ሞደም ገጥመንበታል፣ ዳታ ቢጠፋም መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ቁልፍ ያዥ ስንመርጥም ሁሌ የምንጠይቀው አንድ ነገር ይሄ ሆኗል፣ በሶስት ቀን ውስጥ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ይደርሳል ወይ?

ጥር

የመልቀቂያ ፈተና። አንዷ አባላችን ፈቃደኛ ሆነች፣ ሙሉ በሙሉ ከኛ ወጥታ ኮምቦልቻ ጓደኛችን ወዳቆመው ሌላ ማሽን ትሄዳለች፣ የኛ ማሽን ደግሞ ተዘግቶ ነው፣ እንደተቃጠለ ቆጥረን። ፖዷን ከባክአፕ ዲስኩ ኮፒ አድርገን በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ወሰድነው፣ ፋይል ስለሆነ ችግር አልነበረውም። የለጠፈችው ጽሁፍ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ድምፅና ፎቶ ግን በዛ ጥቅል ውስጥ አይገባም ለብቻው ነው የሚወርደው፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ጽሁፉን ብቻ ይዞ ሁሉንም የያዘ ሊመስለው ይችላል። ከዛ በወረቀቱ ቁልፍ አዲሱን ሰርቨርና አዲሱን ዌብአይዲ መዝገቡ ላይ አስገባች።

ኮምቦልቻ ያለው መወያያ ላይ ገባች። የድሮ ጽሁፏ ከስሟ ጋር አለ፣ ማሽናችንን መልሰን ከፍተን ስንሞክር ግን የጀማውን ቅጂ የመስማት ፈቃዷ አልሰራም፣ ምክንያቱም ሌሎች ሰዎች ፖድ ላይ የተጻፈው ፈቃድ የድሮ ዌብአይዲዋን ነው የሚያውቀው። ይሄ የቀረ ስራ ነው። አሁን እየጻፍኩ ያለሁት በየፖዱ እየዞረች ዲአይዲው አንድ ሆኖ ዌብአይዲው ሲቀየር ባለፖዱን "እገሊት አድራሻ ቀይራለች፣ ፈቃዷ ይቀጥል?" ብላ የምትጠይቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በራሷ ታስተካክል የሚሉ ልጆች አሉ፣ እኔ አልተስማማሁም፣ ፈቃዱን የሰጠው ሰው ራሱ አዎ ይበል። የሚቀጥለው ሳምንት ሸሁ ፖድ ላይ እንሞክራታለን።